ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚጎድልባቸው ቡ ጊያርቲ

በየሰፈሩ፣ በየመንደሩ፣ ምናልባት በየመርከቡም ላይ ሳይቀር፣ ሁለት ሴቶች ለየብቻ ተቀምጠው ባየች ቁጥር ሰውነቷን የሚያሳክካት አንዲት ሴት አትጠፋም። ሰላም ብላ ማለፍ አይሆንላትም። ሁለቱን አንድ ሰሌን ላይ አስቀምጣ፣ መሃላቸው ሳህን አኑራ፣ ሦስተኛዋን ጠርታ፣ አራተኛዋን አስጠርታ ካልሆነ ቀኑ ቀን አይሆንላትም።

በእኛ ቅያስ ይህን ሹመት የያዙት ቡ ጊያርቲ ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ሊያወርዳቸው የቻለም የለም። እዚህ ሶሎ ከተማ ውስጥ ቡ የምንለው ለትልቅ ሴት ሁሉ ነው፣ ለእሳቸው ግን ያንሳል። እኔ በልቤ «ክብርት የሰሌን ሚኒስትር» እላቸዋለሁ። መሥሪያ ቤታቸው በረንዳቸው ነው፤ የሥራ ሰዓታቸው ከአስር ሶላት፣ ከከሰዓቱ ስግደት፣ በኋላ ጀምሮ ባሎቻችን ራት ራት እስኪሉ ድረስ ነው።

ለመጥራት ምክንያት አጥተው አያውቁም። ድመታቸው የወለደቻቸው ግልገሎች ዓይን ገለጡ ብለው ጠርተውናል። የቅያሱ መብራት ተሠራ ብለው ጠርተውናል። በሳምንቱ መብራቱ ተመልሶ ሲጠፋ፣ አብረን እንድናዝን ብለው ጠርተውናል። ባለቤታቸው ዳርሶኖ፣ ከወፎቹ ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር የማይነጋገር ሰው፣ እኛ ስንመጣ የወፉን ቀፎ አንጠልጥሎ ወደ ጓሮ ይሸሻል።

ክብርት ሚኒስትሯ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ምንም ነገር የለም። ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነው፦ «ሁሉም ተሰናድቷል፣ ብቻ አንድ ነገር ጎደለብኝ።» ሻይ ሊያፈሉ ውሃው ፈልቶ ስኳር የለም። ስኳሩን ይዛችሁ ስትሄዱ ማማሰያ የለም። ማማሰያውን ከወዲያ ማዶ ያመጣችው ሴት ገብታ ስትቀመጥ ደግሞ ፔርሙዙ አፉ አይገጥምም። ሻዩ ሲቀዳ ከየቤቱ የተሰበሰብን ሴቶች ሰሌኑን ሞልተነዋል።

ከእኔ የሚዋሱት የኮኮናት መፈቅፈቂያ ነው። እንዲህ ይሆናል፦

«ናኒክዬ፣ መፈቅፈቂያሽን አውሺኝ እስቲ።»

«ባለፈው ሳምንት ወስደውት ነበር እኮ ቡ።»

«መለስኩልሽ አይደል?»

«አልመለሱም። እኔው መጥቼ ነው የወሰድኩት።»

«እንግዲያውስ መንገዱን ታውቂዋለሽ» ይሉና መፈቅፈቂያዬን በብብታቸው ይዘው ይሄዳሉ።

በዚህ ላይ የሳህኑ ጣጣ አለ። እኛ ዘንድ የተዋሱትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ቡ ጊያርቲ ሳህን ተውሰው ጥብስ ቴምፔ፣ ያቺን የአኩሪ አተር ቂጣ፣ ጨምረውበት ይመልሳሉ። አሁን ባለዕዳዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ቴምፔው የመጣበት ቅጠል እንኳ ሳይደርቅ የሆነ ነገር ሠርታችሁ ትሄዳላችሁ። እዚያ ስትደርሱ «ቁጭ በይ፣ አንድ ነገር ጎደለብኝ» ትባላላችሁ። እኔ በዚህ ሳህን ምክንያት ስንት የጋዜጣ ጽሑፍ ሳላደርስ እንደቀረሁ አዘጋጄ ያውቃል።

የካስናህና የቱሚኒ ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገር። ሁለቱ አጥር ለአጥር ናቸው። የቱሚኒ ዶሮ የካስናህን የቃሪያ ችግኝ ጭሮ ጨረሰው፤ ካስናህ ዶሮውን በጫማ መታችው፤ ከዚያ ወዲያ አንዷ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። ቡ ጊያርቲ ለግብዣ ሳምባል የምንለውን የቃሪያ ዳጣ ሊፈጩ ነው ተባለና ከሁለቱም የድንጋይ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ተዋሱ። በነጋታው ሲመልሱ የካስናህን ዘነዘና ለቱሚኒ፣ የቱሚኒን ለካስናህ ሰጡ።

በእኛ አገር ሴት የወለደችውን ከሰው ልጅ ልታምታታ ትችል ይሆናል፣ ዘነዘናዋን ግን አታምታታም። ስንት ዓመት በእጇ መዳፍ የሞረደችው ነው። ካስናህ ገና ስትጨብጠው «ይሄ የእኔ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ከአጥሩ ወዲያም ተመሳሳይ ጩኸት ተሰማ። ሁለቱ አጥሩ ላይ ተገናኙ፣ ተቀያየሩ፣ ከዚያም ቡ ጊያርቲን ማማት ጀመሩ።

«ጭንቅላታቸው ወንፊት ሆኗል» አለች ቱሚኒ።

«ወንፊትማ የሚያስቀረው ነገር አለው» አለች ካስናህ።

ሳቁ ሳቁና በዚያው ታረቁ። ቡ ጊያርቲ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ የባቄላ ፍሬ ይፈለፍሉ ነበር።

እኔም ያኔ ከነካስናህ ጋር ነበርኩ። አያያዝ የማያውቁ፣ ቤታቸው ከዕቃ ይልቅ ሰው የበዛበት ሴት አድርጌ ነበር የማያቸው። በዓምዴ ላይ ስማቸውን ሳልጠራ ቀልጄባቸዋለሁ። አንብበው «ይቺ ሴትዮ ደስ ስትል፣ የት ነው የምትኖረው? እንጥራት» አሉ።

እሳቸውን ያሸነፈቻቸው ብቸኛ ሰው ቡ ሄስቲ ናት።

ሄስቲ ከባሏ ጋር ጡረታ ወጥተው ከሰማራንግ ከተማ የመጡ ናቸው። ባሏ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ንጹሕ፣ ቁጥብ፣ ማንንም ማስቸገር የማትወድ ሴት ናት፤ ጥፋቷም ከዚሁ መጣ። ሴት ልጇን ስትድር ለሠርጉ ምግብ ከተማ ካለ ምግብ ቤት በካርቶን አዘዘች። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርቶን፤ ውስጡ ሩዝ፣ የዶሮ እግር፣ ሙዝና የታሸገ ውሃ። «ጎረቤቶቼ እንዳይደክሙብኝ ብዬ ነው» አለች።

ሌላ ቦታ ቢሆን ትመሰገን ነበር። እኛ ቅያስ ግን ድግስ ያለበት ቤት ሴቶቹ ሁሉ ከየቤታቸው ቢላዋ ይዘው ይገባሉ። ሬዋንግ እንለዋለን። ማንም አይከፈለውም፣ ማንም አይቀርም። ሽንኩርት የምትልጠው ትታወቃለች፣ ሩዙን የምትጠብቀው ትታወቃለች፣ ምንም ሳትሠራ የምታወራው እንኳ ቦታዋ ይታወቃል። ካርቶን ማዘዝ ማለት ለእኛ «አታስፈልጉኝም» ማለት ነው። ካርቶኑን ተቀበልን፣ አመሰገንን፣ ዶሮውን በላን። የተጣላት የለም። ከዚያ ወዲህ ግን በሯ ላይ ስናልፍ «እንደምን ዋሉ ቡ ሄስቲ?» እንላታለን፣ «እንደምን ዋላችሁ» ትለናለች፣ እዚያው ላይ ያልቃል። ሁላችንም በጣም ጨዋ ሆንን። ሁለት ዓመት ሙሉ የዘለቀ ጨዋነት ነው።

ቡ ጊያርቲ ይህን ሊሸከሙት አልቻሉም። አንድ ቀን ሄደው «ሁሉም ተሰናድቷል፣ ብቻ ጭልፋ ጎደለኝ» አሏት። ሄስቲ አስገብታ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ጭልፋዋንም አዋሰቻቸው። በነጋታው ግን ገበያ ሄዳ አዲስ ጭልፋ ገዝታ፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ በራቸው ድረስ አመጣችላቸው። «ይሄን ይያዙት ቡ፣ የእርስዎ ይሁን። አይመልሱትም።»

ያን ቀን እኔ ቤት የመጡት የተዘረፉ መስለው ነው።

«ሰጠችኝ!» አሉ።

«ምን?»

«ጭልፋ! አዲስ ጭልፋ ገዝታ ሰጠችኝ። አሁን በምን ምክንያት ልመለስ? እሷስ በምን ምክንያት ትመጣለች?»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ባለፈው የዝናብ ወራት ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ የሄስቲ በር ላይ «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚል ጣውላ ተሰቀለ። ልጇ ዘንድ ሱራባያ ልትገባ ነው ተባለ። ቀጥሎ ቡ ጊያርቲ ጉድጓዱ አጠገብ፣ አረንጓዴ ሽበት ያበቀለው ድንጋይ ላይ አንሸራተታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። እግራቸው በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ዋሉ። ምራታቸው ሪስማ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የሰባተኛ ወር ድግሷ ቀርቧል። እርግዝና ደግሞ ቀጠሮ አይራዘምለትም።

ዳርሶኖ ከዕለታት አንድ ቀን አፉን ከፍቶ «ለምን ከከተማ ምግብ አናዝም?» አለ። ሴቶቹ እንዴት እንዳዩት ስለማውቅ ከዚያ በኋላ ለምን ዝም እንዳለ አልጠይቅም። ድግሱን እንዳስተባብር እኔ ተመረጥኩ። ተመረጥኩ ስል፣ ቡ ጊያርቲ ከአልጋቸው ሆነው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ ማለቴ ነው።

በዋዜማው ጠዋት ሴቶቹ ቢላዋቸውን ይዘው ገቡ። ካስናህ ሽንኩርት፣ ቱሚኒ እሳት፣ ሌሎቹ ኮኮናትና የሙዝ ቅጠል ያዙ። ቡ ጊያርቲ የመኝታ ቤታቸውን በር አስከፍተው፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ያዝዙናል። ከዚያ ጠሩኝ።

«ናኒክዬ፣ አንድ ነገር ጎደለ።»

«ምን ጎደለ ደግሞ?»

«የሩዝ ድስት። ትልቁ። የሄስቲን እናት ድስት ተዋሺ።»

ድስቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የመዳብ ነው፣ ወገቡ የጠበበ፣ ሩዝ በእንፋሎት የሚበስልበት። ሄስቲ እንግዳ መቀበያዋ ውስጥ የላስቲክ አበባ ሰክታበት ተቀምጧል።

«የአበባ ማስቀመጫ ለምኜ ላምጣ?» አልኩ። «ከሌላ ሰው እዋሳለሁ።»

«የሌላው ትንሽ ነው።»

«በሁለት ትንንሽ ይበስላል።»

«ናኒክ።» ቁልምጫዋ ቀረች። «ጣውላውን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ሰው ከእኔ ቤት አምስት በር ርቆ ኖሮ፣ ከእኛ ጋር አንድ ቀን ሽንኩርት ሳይልጥ ሊሄድ ነው። ከሄደች በኋላ ምን ልላት እችላለሁ? እግሬ ደህና ቢሆን እኔው እሄድ ነበር። ውርደት ነው ይሄ፣ ለእኔ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ቡ ጊያርቲን እንዲህ አይቻቸው አላውቅም፤ አጥንታቸው ሲታሰር እንኳ አላለቀሱም።

እሺ ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ወደ ሄስቲ መሄድ አልፈለግሁም። በካርቶኑ ጊዜ በጣም ከተቀየሙት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ቢላዋዬን ስዬ ነበር የጠበቅኩት። እናም ድስት ፍለጋ የቡ ጊያርቲን ጓዳ ከፈትኩ። ማንም ገብቶበት አያውቅም፤ «ምን አለበት ብላችሁ፣ ባዶ ነው» ይሉናል ሁልጊዜ።

ባዶ አልነበረም።

ከግድግዳው በአንዱ በኩል መፈቅፈቂያዎች ተሰቅለዋል፣ ከእኔው የተሻሉ፣ አንዱ ጥርሱ ገና አዲስ። ከበታቻቸው ሙቀጫዎች ከነዘነዘናቸው። ፔርሙዝ አለ፣ አፉ በደንብ የሚገጥም፤ አረጋገጥኩ። ማማሰያ በእቅፍ። የሄስቲ ጭልፋ ላስቲኩ ሳይፈታ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። መደርደሪያው ላይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ከሄስቲ እናት ድስት የሚበልጥ የመዳብ ድስት፤ ጋዜጣው ደግሞ የእኔ ዓምድ ያለበት ነው።

ስኳር የሞላበት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ። በዝናብ ስኳር ተሸክሜ የተመላለስኩበት ሁሉ ትዝ አለኝና ሄጄ ልጮህባቸው ፈለግሁ። ቀጥሎ ልጄ ለሥራ ወደ ባታም የሄደ ሰሞን ትዝ አለኝ። ቤቴን ዘግቼ፣ መስኮት እንኳ ሳልከፍት ተቀምጬ ነበር። ማንም መጥቶ አይዞሽ ቢለኝ በር አልከፍትም ነበር። መፈቅፈቂያዬ ግን ቡ ጊያርቲ ዘንድ ነበር። እሱን ልወስድ ብዬ ወጣሁ፣ ማታ ገባሁ፤ በነጋታው ሳህን ልመልስ ሄድኩ። በዚያው ተረፍኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ መፈቅፈቂያ ላመጣ የሄድኩ ነበር የሚመስለኝ። እዚያው ጆንያው ላይ አለቀስኩ፣ ሽንኩርቱ ነው የሚባልበት ቀን መሆኑም ጠቀመኝ።

ድስቱን እንደነበረ በጋዜጣው ጠቀለልኩት፣ ጓዳውን ዘጋሁና ወደ ሄስቲ ሄድኩ።

በሩን ስትከፍት ከኋላዋ የታሸጉ ዕቃዎች ይታያሉ። «እንደምን ዋሉ?» አለችኝ፣ እንደ ወትሮው በጨዋ ደንብ።

«ቡ ሄስቲ፣ አንድ ነገር ጎደለብን።»

«ምን? ልግዛላችሁ?»

«አይግዙ!» ሳላስበው ጮህኩ። «ውሰት ነው የምፈልገው። የእናትዎን ድስት። እኛ አንመልሰውም፤ መጥተው መውሰድ አለብዎት።»

ወደ ውስጥ ገብታ የላስቲክ አበባውን አንድ በአንድ አወጣች። ድስቱን ስታቅፈው አያያዟ የሕፃን ነበር።

«ይሄ እኮ ዝም ብሎ አያበስልም» አለች። «ወገቡ ላይ ብየዳው ላልቷል፣ እንፋሎቱ ያመልጣል። እናቴ በሩዝ ዱቄት ሊጥ ነበር የምትደፍነው። ሊጡ ከቀጠነ ይንጠባጠባል፣ ከወፈረ ይሰነጠቃል።»

«እኛ ይህን አናውቅም።»

«አታውቁም» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም፣ «ቢላዋ ይዤ ልምጣ? ወይስ አላችሁ?»

«የለንም» አልኳት። «ምንም የለንም።»

ጓሮው ስንገባ ካስናህ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች። ሄስቲ ማንንም ሳታይ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠችና ሊጥ ማሸት ጀመረች። የድስቱን ወገብ ዙሪያውን በጣቷ እየደፈነች፣ ጎንበስ እንዳለች ተናገረች።

«እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ በሰው ድግስ ሩዝ ስትጠብቅ ኖረች። መጨረሻ ላይ ወገቧ ቆረጠ፤ ጎንበስ ብላ ቀረች። ለልጄ ሠርግ ካርቶን ያዘዝኩት እናንተን እንዲህ ላለማድረግ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።»

ካስናህ፣ እግዜር ይስጣት፣ ሽንኩርቷን መልሳ አነሳች።

«የእኔን ወገብ ለእኔ ተይልኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬም ያመኛል። እዚህ ሲያመኝ ቢያንስ የማማው ሰው አለኝ።»

«ማንን ነው የምታሚው?» አለች ሄስቲ።

«እስከ ዛሬ አንቺን ነበር። አሁን መጣሽ፣ በቃ፣ ሌላ ሰው መፈለግ ሊኖርብን ነው።»

ሄስቲ ሳቀች። ስትስቅ የፊት ጥርሷ ክፍተት እንዳለው ያኔ ነው ያየሁት። ቱሚኒ እሳቱን ስታበዛ ሄስቲ «ቀንሺ እንጂ! ሩዝ ነው ወይስ ጡብ የምንተኩሰው?» ብላ ተቆጣቻት። ቱሚኒ ቀነሰች። ከመኝታ ቤት የቡ ጊያርቲ ድምፅ ጠራኝ።

«የማን ድምፅ ነው ያ?»

«የቡ ሄስቲ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሕመሙ ብሶባቸው ነው ብዬ ልጠጋ ስል ገለጡት።

«ናኒክዬ፣ ድስት ስትፈልጊ ጓዳዬ ገብተሻል እንዴ?»

«አልገባሁም ቡ።»

«ጎሽ። ምንም የለበት፤ እንዲሁ ያሳፍራል።»

«አውቃለሁ» አልኩ። «ምስኪን ነዎት፤ ዕቃ ያልፈጠረብዎት።» ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸውና ግንባራቸውን ሳምኩ። ምን ነካሽ ብለው ገፈተሩኝ።

ሪስማ በሰላም ወለደች። የቡ ጊያርቲም እግር ተፈታ፤ ትንሽ ያነክሳሉ፣ ለመዋስ ግን አላገዳቸውም። የሄስቲ ድስት እስካሁን እሳቸው ዘንድ ነው። ልትወስደው ትሄዳለች፣ ቁጭ በይ ትባላለች፣ ረስታው ትመለሳለች። በሯ ላይ የነበረውን ጣውላ ካስናህ ለመክተፊያ ይሆነኛል ብላ ተውሳዋለች። አልመለሰችም። ሄስቲ እሱን ልትወስድ ስትሄድ ሁለት ጊዜ አግኝቻታለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጇን ስትመለስ። ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ እንግዲህ ገዢ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ትናንት ጠዋት ደግሞ ሄስቲ እኔ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ናኒክ፣ መፈቅፈቂያሽን ታውሺኛለሽ? ሁሉም ተሰናድቷል፣ ብቻ አንድ ነገር ጎደለብኝ።»

ከትናንት በስቲያ ቤቷ ሻይ ስንጠጣ መፈቅፈቂያዋ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የእኔን አንስቼ ሰጠኋት።

አሁን ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ። አስር ሶላት አልፏል፣ መፈቅፈቂያዬን ላመጣ መሄድ አለብኝ።